የቻይና ባህላዊ ዕፆችና ማረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሴቶች ስለ ማረጥና ስለ ቻይና ዕፆች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነሆ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ማረጥ በትክክል ምንድን ነው? ለምን ያህል ጊዜስ ያስቸግራል?

አንዲት ሴት 12 ወር ሙሉ የወር አበባ ካላየች፣ ሌላም ምክንያት ካልተገኘ፣ አርጣለች ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ባለው ዕድሜ ይመጣል። ከዚያ በፊት ግን ዓመታት የሚወስድ የሽግግር ጊዜ አለ። የወር አበባው ይዛባል፣ እንቅልፍ ይሸሻል፣ ስሜት ይለዋወጣል። ድንገት ከደረት የተነሳ ሙቀት ወደ አንገትና ፊት ይወጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ወዲያው ደግሞ ብርድ ብርድ ይላል።

ምክንያቱ እንቁላል የሚያመነጩት ዕጢዎች (እንቁልጢዎች) ኤስትሮጅን የሚባለውን ሆርሞን ማምረት እየቀነሱ መምጣታቸው ነው። ኤስትሮጅን ሲጎድል የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል በትንሹም በትልቁም ይደነግጣል። አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ሴቶችን ለብዙ ዓመታት ተከታትሎ ነበር። ሙቀቱ አዘውትሮ ከሚያስቸግራቸው ሴቶች ግማሽ ያህሉ ከ7 ዓመት በላይ አብሯቸው ቆይቷል። ስለዚህ "ትንሽ ታገሺ፣ ያልፋል" ማለት መልስ አይሆንም። ሰባት ዓመት ያለ እንቅልፍ ቀላል ነገር አይደለም፤ መፍትሔ መፈለግም ቅንጦት አይደለም።

የቻይና ባህላዊ ሕክምና ማረጥን እንዴት ነው የሚያየው?

ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት የተጠናቀረው ሁዋንግዲ ኔይጂንግ የተባለ የቻይና የሕክምና መጽሐፍ የሴትን ሕይወት በሰባት በሰባት ዓመት ይከፍለዋል። በ14 ዓመቷ የወር አበባ ይመጣል፣ በ49 ዓመቷ ይቆማል ይላል። ግምቱ ዛሬ ከምናውቀው ብዙም አይርቅም።

በዚህ ሕክምና አስተሳሰብ ኩላሊት ሽንት ከማጣራት በላይ የሰውነት መሠረታዊ ኃይል ማከማቻ ነው። ዕድሜ ሲገፋ "የኩላሊት ዪን" የሚሉት የሚያቀዘቅዘው ኃይል ይመናመናል፤ ያኔ ሙቀቱ ልጓም ያጣና ወደ ላይ ይወጣል ብለው ያስባሉ። ባለሙያው ምላስ ያያል፣ በሁለቱም እጅ የደም ሥር ምት ያዳምጣል፣ ስለ እንቅልፍና ስለ ሆድ ድርቀት ይጠይቃል። ከዚያ ለዚያች ሴት ብቻ የሚሆን ቅልቅል ያዘጋጃል። በሽታው አንድ ቢሆንም ሁለት ሴቶች የተለያየ መድኃኒት ይዘው ሊወጡ ይችላሉ።

በብዛት የሚሰጡት የትኞቹ ዕፆች ናቸው?

ስሙ ከሁሉም የገነነው ዶንግ ኳይ ነው፤ ቻይናውያን ዳንግ ጉይ ይሉታል። ሥር ነው። በስሱ ተከትፎ ይደርቃል፤ ቢጫማ ነጭ ሆኖ ጠርዙ ቡናማ ነው። ሽታው ሴለሪ የተባለውን አትክልት ያስታውሳል፣ ደግሞም ጠንካራ ነው፤ ከረጢቱ ሲከፈት ክፍሉን ይሞላዋል። ጣዕሙ መጀመሪያ ጣፈጥ ይላል፣ ኋላ ይመራል።

ከቅልቅሎቹ ውስጥ ኧር ሺያን ታንግ፣ ሊዩ ዌይ ዲ ሁዋንግ እና ሺያኦ ያኦ ሳን ይጠቀሳሉ። ኧር ሺያን ታንግ ስድስት ዕፆች አሉት፤ አንዱ ራሱ ዶንግ ኳይ ነው። እነዚህ ዕፆች ተፈልተው ሊጠጡ ይችላሉ፤ ሲፈሉ ጥቁር ቡናማና መራራ ፈሳሽ ይወጣል። ዛሬ ግን አብዛኛው ሰው በዱቄት፣ በእንክብል ወይም እንደ ትንንሽ ጥቁር ፍሬ በተድቦለቦለ ክኒን መልክ ነው የሚገዛው።

ዶንግ ኳይ ብቻውን ሙቀቱን ያበርዳል?

አያበርድም። በ1997 የታተመ የካሊፎርኒያ ጥናት 71 ያረጡ ሴቶችን ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ በቀን 4.5 ግራም ዶንግ ኳይ ወሰዱ። ሌሎቹ ፕላሴቦ፣ ማለትም መልኩ አንድ ሆኖ መድኃኒት የሌለበት አስመሳይ እንክብል ተሰጣቸው። ማን የቱን እንደወሰደ ሴቶቹም ተመራማሪዎቹም አያውቁም ነበር። ከ24 ሳምንት በኋላ በሁለቱ ወገኖች መካከል በሙቀቱ ብዛት ልዩነት አልታየም። የማህፀን ግድግዳ ውፍረትም ሲለካ ዕፁ እንደ ኤስትሮጅን እንደማይሠራ አመለከተ።

የቻይና ሕክምና ባለሙያዎች በዚህ ጥናት ላይ አንድ ቅሬታ አላቸው፤ ቅሬታቸውም ተገቢ ነው። "እኛ ዶንግ ኳይን ለብቻው አንሰጥም፣ ሁሌም ከሌላ ጋር ነው" ይላሉ። እውነት ነው። ግን በየሱቁ መደርደሪያ ላይ "ለማረጥ" ተብሎ የሚሸጠው ለብቻው የታሸገው ነው። ስለዚህ ጥናቱ ለገዢዋ ሴት በቀጥታ ይመለከታታል።

ተቀላቅሎ ሲሰጥስ? ያኔ ይሠራል?

እዚህ ላይ መልሱ ይከፋፈላል። በ2001 በአውስትራሊያ 55 ሴቶች የተቀላቀለ የቻይና ዕፅ ወይም ፕላሴቦ ለ12 ሳምንት ወሰዱ፤ ዕፁ ከፕላሴቦው አልበለጠም። በ2008 ሆንግ ኮንግ ውስጥ 100 ሴቶች ዶንግ ኳይና አስትራጋለስ የተባለ ሌላ ሥር የተቀላቀለበትን ዳንግ ጉይ ቡ ሹዌ ታንግ ለስድስት ወር ሞከሩ። በሁለቱም ወገን ሙቀቱ ቀነሰ። ዕፁ የበለጠው በቀላሉ ሙቀት ላይ ብቻ ነበር፤ በመካከለኛውና በከባዱ ላይ አልበለጠም። ከቻይና ሕክምና የተወለደው የጃፓን ባህላዊ ሕክምና፣ ካምፖም ተፈትኗል። ኬይሺቡኩርዮጋን የተባለውን ቅልቅል 178 አሜሪካውያን ሴቶች ወስደውት ከፕላሴቦ የተለየ ውጤት አላመጣም።

ተስፋ የሚሰጥ ውጤትም አለ። በ2013 የታተመ የሆንግ ኮንግ ጥናት ኧር ሺያን ታንግን በ108 ሴቶች ላይ ለ12 ሳምንት ፈተነ። ዕፁን የወሰዱት ሙቀት ከፕላሴቦው ወገን ይልቅ በብዛትም በክብደትም ቀነሰላቸው። በደንብ የተሠራ ጥናት ነው፤ መናቅ የለበትም። ነገር ግን አንድ ነው፣ ትንሽ ነው፣ በአንድ ከተማ ነው።

ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የጥናት ገምጋሚ ድርጅት በ2016 በ2,902 ሴቶች ላይ የተደረጉ 22 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምሯል። የደረሰበት ድምዳሜ፣ የቻይና ዕፆች ሙቀቱን በማብረድ ከፕላሴቦ ይሻላሉ ለማለት በቂ ማስረጃ የለም የሚል ነው። ከጥናቶቹ ብዙዎቹ ጥራታቸው ዝቅተኛ ነበር። "አይሠራም ተብሎ ተረጋገጠ" ማለት አይደለም። "ይሠራል" ብሎ ገንዘብ ለመቀበል ግን አይበቃም።

ጓደኛዬ ወስዳ በአንድ ወር ተሽሏታል። ይህስ ምን ሊባል ነው?

ተሽሏታል፤ አልዋሸችም። ጥያቄው ያሻላት ምንድን ነው የሚለው ነው። የጎደለውን ኤስትሮጅን የሚተካውን የሆርሞን ሕክምና የመረመረ ትልቅ ግምገማ አንድ የሚያስገርም ነገር አሳይቷል። ፕላሴቦ ብቻ የወሰዱት ሴቶች ሙቀት ከጀመሩበት ጋር ሲነጻጸር በአማካይ በ58 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ምንም መድኃኒት ሳይኖርበት!

ይህ የሚሆነው ነገሩ "በሃሳብ የመጣ" ስለሆነ አይደለም። ሙቀቱ በተፈጥሮው አንዴ ይብሳል፣ አንዴ ይረግባል። ሴቶች ደግሞ መፍትሔ የሚፈልጉት በባሰባቸው ሰሞን ነው፤ ከዚያ በኋላ ምንም ባይወስዱም መቅለሉ የሚጠበቅ ነው። በዚያ ላይ ሰው ሲሰማን፣ ሲያክመን፣ ተስፋ ሲሰጠን ሰውነታችን ይረጋጋል። የቻይና ሕክምና ባለሙያ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥበት ጊዜ ብዙ ክሊኒኮች ውስጥ አይገኝም። ይህን በቁም ነገር ነው የምለው፤ ብዙ ሴቶችን ወደዚያ የሚወስዳቸው መደመጥን መፈለግ ነው።

ለሺህ ዓመታት ሲጠቀሙበት ኖረዋል አይደል? ይህ ራሱ ማስረጃ አይሆንም?

መጀመሪያ ነገሩ ሁሌ እውነት አይደለም። ለማረጥ ከሚሰጡት ቅልቅሎች ዝነኛ የሆነው ኧር ሺያን ታንግ የተቀመመው በ1950ዎቹ ሻንጋይ ውስጥ ነው። ከብዙ አያቶች ያነሰ ዕድሜ አለው። ሊዩ ዌይ ዲ ሁዋንግ በእርግጥ ጥንታዊ ነው፤ ከ12ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ ተመዝግቧል። የቀመመው ቺያን ዪ ግን የልጆች ሐኪም ነበር፤ መድኃኒቱም እድገታቸው ለዘገየ ሕፃናት ነበር። ለማረጥ መዋል የጀመረው ኋላ ነው። ማሸጊያ ላይ "የሺህ ዓመት ጥበብ" የሚል ሲያዩ፣ ጥበቡ ለምን በሽታ ነበር ብለው ይጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ረጅም ዕድሜ አንድን ነገር ደህና አያደርገውም። ዛሬ ወስዶ ነገ የሚያስታውክ ዕፅ ቶሎ ይታወቃል። ከአሥር ዓመት በኋላ ኩላሊት የሚያደክም ወይም ካንሰር የሚያመጣ ግን ትውልድ ቢያልፍም ላይታወቅ ይችላል። በእኛም አገር ቢሆን ኮሶ ለዘመናት ተጠጥቷል፤ ትሉን ያወጣል፣ በብዛት ከተወሰደ ግን ዓይን ይጎዳል።

የወባው መድኃኒት እኮ ከቻይና ዕፅ ነው የመጣው። ይሄኛውስ ለምን አይታመንም?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ኮአርተምን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው፤ አገራችን ከ2004 ጀምሮ ለከባዱ የወባ ዓይነት ቀዳሚ ሕክምና አድርጋዋለች። በውስጡ ያለው አርቴሜተር የሚሠራው ቺንግሃኦ ከተባለ የቻይና ዕፅ ከሚወጣው አርቴሚሲኒን ነው። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ በዚህ ሥራ በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀብላለች።

ግን እንዴት እንደተገኘ ይመልከቱ። ቱ ዩዩ ፍንጩን ያገኘችው በ4ኛው መቶ ዘመን ጌ ሆንግ የተባለ ቻይናዊ ሐኪም ከጻፈው ነው። ዕፁን በውሃ ዘፍዝፎ መጭመቅ እንጂ መቀቀል አላለም። ሙቀት መድኃኒቱን ያጠፋው ይሆናል ብላ በዝቅተኛ ሙቀት አወጣችው። ከዚያ በእንስሳት ተፈተነ፣ በራሷና በባልደረቦቿ ላይ ተሞከረ፣ ከዚያ በበሽተኞች። ንጥረ ነገሩ ተለይቶ ወጣ፣ መጠኑ ተለካ። ጥንታዊው ጽሑፍ መነሻ ሆነ፤ ማስረጃው የመጣው ከፈተናው ነው። ለማረጥ የሚሰጡት ዕፆችም በዚሁ ወንፊት እየገቡ ነው። እስካሁን በአስተማማኝ ማስረጃ ያለፈ የለም።

ለማረጥ የሚሸጠው ብላክ ኮሆሽም የቻይና ነው?

አይደለም። የሰሜን አሜሪካ ተክል ነው፤ የአገሬው ተወላጆች ይጠቀሙበት ነበር። በቻይና ሼንግ ማ የሚባል ዘመድ ስላለው ይምታታል፤ ይሁን እንጂ አንዱ ሌላውን አይተካም። ማስረጃውም ደካማ ነው፤ አልፎ አልፎ ጉበት መጉዳቱም ተመዝግቧል።

ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጉዳት የለውም አይደል?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብራስልስ ውስጥ አንድ የውፍረት መቀነሻ ክሊኒክ ለደንበኞቹ የቻይና ዕፅ ይሰጥ ነበር። ፋንግ ጂ የተባለው ዕፅ መግባት ሲገባው ጓንግ ፋንግ ጂ የተባለ ሌላ ተክል ገባ። የስም መመሳሰል ነው። የተተካው ተክል አሪስቶሎኪክ አሲድ የሚባል መርዝ አለበት። ከ100 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ጤነኛ ሴቶች፣ ኩላሊታቸው ተበላሸ። ብዙዎቹ የኩላሊት እጥበት (ዲያሊሲስ) ላይ ወደቁ ወይም ንቅለ ተከላ አስፈለጋቸው። ቆይቶ ደግሞ 39ኙ ለጥንቃቄ ኩላሊታቸውና የሽንት ቱቧቸው ወጥቶ ሲመረመር 18ቱ ላይ ካንሰር ተገኘ። ክብደት ለመቀነስ የሄዱ ሴቶች ናቸው።

ከዚህ ሌላ ሄ ሾው ዉ የተባለው፣ ፀጉር ያጠቁራል፣ ያበረታል ተብሎ የሚሸጠው ሥር፣ ጉበትን በመጉዳት ይታወቃል። በብዙ ቅልቅሎች ውስጥ የሚገባው የሊኮሪስ ሥር ሲበዛ ደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ፖታሲየም ያወርዳል። ግፊት ላለባት ሴት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በኧር ሺያን ታንግ ውስጥ የሚገኘውን ሺያን ማኦን ራሳቸው የቻይና የመድኃኒት መዛግብት መርዛማነት አለው ይሉታል።

ማሸጊያው ላይ ያልተጻፈም አለ። በ1998 የታተመ የካሊፎርኒያ ምርመራ 260 የእስያ ባህላዊ መድኃኒቶችን ፈትሾ ነበር። ቢያንስ 83ቱ ላይ ያልተጠቀሰ ዘመናዊ መድኃኒት ወይም እንደ እርሳስና ሜርኩሪ ያለ ከባድ ብረት ተገኝቷል።

ሌላ መድኃኒት እወስዳለሁ። ከዕፁ ጋር ይጋጫል?

ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ዶንግ ኳይን አይንኩ። ዕፁ የዋርፋሪንን ደም የማቅጠን ኃይል ሊያባብሰው፣ የደም መፍሰስም ሊያመጣ ይችላል። በልብ ቫልቭ ችግር ወይም በደም መርጋት ምክንያት ዋርፋሪን የሚወስዱ ሴቶች ይህን በተለይ ይያዙት። ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ካለዎትም አስቀድመው ይንገሩ።

የግፊት፣ የስኳር ወይም የድብርት መድኃኒት የሚወስዱም ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ አይጀምሩ። ሐኪሙ ይቆጣል ብለው የሚደብቁ ብዙ ናቸው። ቢቆጣም ይንገሩት። ጥያቄው ስለ ጉበትዎና ስለ ደምዎ ነው።

የጡት ካንሰር ነበረብኝ። ሆርሞን ተከልክያለሁ፣ ዕፅ ይሻለኛል?

ሆርሞን ስለተከለከሉ ዕፅ ደህና ነው ማለት አይደለም። ዶንግ ኳይ በቤተ ሙከራ የጡት ካንሰር ሴሎችን እድገት ሲያፋጥን ታይቷል። በሰው ላይ ተመሳሳይ ይሁን አይሁን በበቂ አልተጠናም። ይህ ሳይታወቅ መሞከር ደግሞ ተገቢ አይደለም።

ሙቀቱን የሚያበርዱ ሆርሞን ያልሆኑ መድኃኒቶች አሉ። አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ ለጡት ካንሰር የሚሰጠውን ታሞክሲፈን የሚወስዱ ከሆነ ፓሮክሲቲን የተባለው የድብርት መድኃኒት የታሞክሲፈንን ሥራ ያዳክማል። ስለዚህ ምርጫውን የካንሰር ሐኪምዎ ያድርገው።

በመርፌ የሚሰጠው የቻይና ሕክምና፣ አኩፓንክቸርስ?

በ2016 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት 327 ሴቶችን ፈተነ። ግማሾቹ እውነተኛ መርፌ ተወጉ፤ ሌሎቹ ቆዳ በማይበሳ አስመሳይ መርፌ ተነኩ። የሁለቱም ሙቀት እኩል ቀነሰ። ሰውነትን ያዝናናል ካሉ ማንም አይከለክልዎትም፤ ንጽሕናው የተጠበቀ ይሁን እንጂ።

ታዲያ በእርግጥ የሚሠራው ምንድን ነው?

ሙቀትን ለማብረድ የሆርሞን ሕክምናን የሚያህል የለም። ከፕላሴቦ ጋር ሲነጻጸር የሙቀቱን ብዛት በ75 በመቶ ያህል ይቀንሳል። በ2002 የወጣ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ብዙ ሴቶችን አስደንግጦ ነበር። ሕክምናው የጡት ካንሰርና የደም መርጋት አደጋ ይጨምራል ተባለ። በኋላ ውጤቱ በዕድሜ ተከፋፍሎ ሲታይ ሥዕሉ ተለወጠ። ዛሬ የሙያ ማኅበራት የሚሉት፣ ከ60 ዓመት በታች ላሉ ወይም ካረጡ 10 ዓመት ላልሞላቸው ጤነኛ ሴቶች ጥቅሙ ብዙውን ጊዜ ከጉዳቱ ይበልጣል ነው። የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት፣ ስትሮክ ወይም የጉበት ሕመም ያለባቸው ግን አይወስዱም።

ሆርሞን የማይስማማቸው ሴቶች ቬንላፋክሲንና ጋባፔንቲን የተባሉትን መድኃኒቶች ወይም በ2023 በአሜሪካ የተፈቀደውን ፌዞሊኔታንት ከሐኪም ጋር ሊያዩ ይችላሉ። ፌዞሊኔታንት የጉበት ክትትል ይጠይቃል። አስተሳሰብንና ልማድን የሚያስተካክለው የምክር ሕክምናም ሙቀቱ የሚያስከትለውን ጭንቀትና የእንቅልፍ እጦት ያቃልላል። የሴት ብልት ድርቀት ብቻ ከሆነ ችግሩ፣ እዚያው የሚቀባ አነስተኛ መጠን ያለው የኤስትሮጅን ክሬም ብዙዎችን ይረዳል። ስለዚህ ጉዳይ ማፈር ብዙ ሴቶችን በማያስፈልግ ሕመም ውስጥ አቆይቷቸዋል።

ሁሉንም አንብቤ ልሞክረው ወስኛለሁ። እንዴት ላድርግ?

መብትዎ ነው። በሰው እጅ የተሰጠ ስም የሌለው ዱቄት አይግዙ፤ በሻንጣ የመጣውንም ቢሆን። በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ዕፅ በላቲን ስሙ የተጻፈበትን፣ አምራቹ የሚታወቀውን፣ ለከባድ ብረትና ለአሪስቶሎኪክ አሲድ መመርመሩ የተገለጸውን ይምረጡ። ከመጀመርዎ በፊት የጉበትና የኩላሊት ምርመራ ያድርጉ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይድገሙት።

ሳይጀምሩ ለሁለት ሳምንት በቀን ስንት ጊዜ ሙቀት እንደመጣብዎት ይጻፉ። እየወሰዱም ይቀጥሉ። በ12 ሳምንት ለውጥ ካላዩ ያቁሙት፤ በላዩ ሌላ አይጨምሩ። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት ከጠቆረ፣ ሰውነት ካሳከከ ወይም ምግብ ካስጠላ በዚያው ቀን ትተው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ካረጥኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ዕፁን ከጀመርኩ ወዲህ ደም ታየኝ። ወጣትነቴ ተመለሰ ማለት ነው?

አይደለም። ሻጩ "ደሙ ተንቀሳቀሰ፣ መልካም ምልክት ነው" ቢልዎትም አይቀበሉት። ካረጡ በኋላ የሚታይ ደም፣ ጠብታም ቢሆን፣ መመርመር አለበት። ከእንዲህ ዓይነት ሴቶች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ካንሰር የለባቸውም። በሌላ በኩል ግን የማህፀን ግድግዳ ካንሰር ከተገኘባቸው ያረጡ ሴቶች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ደም ታይቷቸው ነበር። ቶሎ ከተደረሰበት ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ይድናል።

ዕፁን ያቁሙና የማህፀን ሐኪም ቀጠሮ በዚህ ሳምንት ይያዙ። በአልትራሳውንድ የግድግዳው ውፍረት ይለካል፤ ካስፈለገም ትንሽ ናሙና ይወሰዳል። የዕፁን ማሸጊያ ይዘው ይሂዱ፣ ከመቼ ጀምሮ ምን ያህል እንደወሰዱም ይንገሯቸው።